አቧራችንን የምትቆጥረው ሴት

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ውድ ነህምያ፣

መልሴን በስልክ እየጠበቅህ እንደሆነ አውቃለሁ። በስልክ አልመልስልህም። በደወልኩ ቁጥር ከጀርባህ ሰው አለ፤ ወንበር ይጎተታል፣ ሳቅ ይሰማል፣ «ሰላም በልልኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ይህን ግን አንተ ብቻ እንድታነበው ስለፈለግሁ ጻፍኩት። ከብርጭቆ ስላይዶቹ ሥር አድርጌ አሽጌዋለሁ። ካርቶኑን ላቦራቶሪ ውስጥ አትክፈተው፤ ወደ ክፍልህ ይዘኸው ሂድ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተናገርከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ከሰኔ እስከ መስከረም የላክኋቸው ስላይዶች ባዶ ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ የክረምቱ ወራት ካልተሟሉ ጥናቱን አልቀበልም ብሏል፤ ስለዚህ ጥር ላይ መምጣቴ ቀርቶ ሌላ አንድ ክረምት እዚሁ መጠበቅ አለብኝ አልከኝ። እስከዚህ ድረስ ችዬ ሰማሁህ። ከዚያ ግን «በቅናትሽ ዓመቴን በላሽው» አልክ። ያን ጊዜ ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ቀንቻለሁ ወይ? ቀንቻለሁ። እንዴት አድርጌ እንደቀናሁም ሳልደብቅ እነግርሃለሁ። ስላይዶቹን ግን አልነካሁም። የነካቸውን ሰው ስትሰማ እኔን በተቆጣኸኝ ልክ ልትቆጣ እንደማትችል ከወዲሁ ልንገርህ።

የቅናቴ መጀመሪያ ያ ምሰሶ ነው። አምና ጥር ላይ ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣህን ሳትፈታ ጓሮ ገብተህ መቆፈር ጀመርክ። ከእንሰቱና ከገለባው ክምር መካከል ምሰሶ ተከልክ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር የስላይድ ማስቀመጫ ሠራህለት። የብርጭቆውን ስላይድ ቫዝሊን በስሱ መቀባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አውርዶ በሌላ መቀየር፣ ያወረድኩትን በሳጥን አድርጎ በየወሩ ወደ ህንድ፣ ወደ ኬረላ መላክ፤ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስተማርከኝ። ነፋስ የሚያመጣው ብናኝና እናንተ ስፖር የምትሉት የሻጋታ ዘር ቫዝሊኑ ላይ ይለጠፋል፤ እናንተ እዚያ በማይክሮስኮፕ ትቆጥሩታላችሁ፤ የእነሱን የባሕር ዳርቻ ሙቀትና የእኛን የደጋ ዝናብ ታወዳድራላችሁ። ገብቶኛል። ግን ያን የእረፍት ወር ሙሉ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ምሰሶውን ነበር። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ትጠይቀኛለህ እንጂ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም። በእንጨት የምትቀና ሴት አይተህ ካላወቅህ፣ እንግዲህ አግብተሃታል።

ከምሰሶው ቀጥላ እሷ መጣች።

እናትህን በስማቸው ጠርቻቸው እንደማላውቅ ታውቃለህ። የባሏን እናት ስም በአፏ የምታመጣ ምራት በእናቶቻችን ዘንድ ነውረኛ ናት። ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ብዙ ወግ ብንተውም ይህን እኔ አልተውኩትም። አሁን ስማቸውን የማልጠራቸው ሴቶች ሁለት ሆነዋል። የእናትህን በክብር ነው። የላቦራቶሪ ጓደኛህን ስም የማልጠራው ግን ምላሴ እምቢ ብሎኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎህ ነበር የነገርከኝ። «አባቷ እዚያው ሆሳዕና ሱቅ የነበራቸው፣ የአገር ልጅ አገኘሁ» አልክ። እኔም ተመስገን አልኩ፤ በሰው አገር ብቻህን እንዳትሆን ስጸልይ ነበርና። ጸሎቴ እንዲህ በደንብ ይሰማል ብዬ አልጠበቅሁም። ከዚያ ወዲህ ወሬህ ሁሉ «እኛ» ሆነ። እኛ ዛሬ ጣሪያ ላይ ወጣን፣ እኛን ዝናብ ያዘን፣ እኛ ሽሮ ሠራን። ሽሮውን ለቅሜ፣ አስፈጭቼ፣ በሁለት ላስቲክ አሽጌ የላክሁት እኔ ነኝ። «እኛ» ውስጥ ግን የለሁበትም።

አንድ ቀን ደግሞ ፎቶ ላክህልኝ። ማይክሮስኮፑ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያይበት ተደርጎ የተሠራ ነው። አንተ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው፣ ሁለታችሁም ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ፣ ግንባራችሁ ሊነካካ ትንሽ ቀርቶታል። ከሥሩ «ይኼ የጓሯችን ስላይድ ነው» ብለህ ጻፍክ። ሌላ ጊዜ ፎቶህ ሲመጣ ትምህርት ቤት ለባልደረቦቼ አሳይ ነበር። ያንን አላሳየሁም።

አየህ፣ የምታዩት እኮ የእኔን ጓሮ ነው። እኔ የምጠርገውን፣ እኔ በጭቃ የምመላለስበትን መሬት። እሷ ደጄን ሳትረግጥ የቆጮ ጉድጓድ የከፈትኩበትን ሳምንት ታውቃለች። ገለባ ያገላበጥኩበትንም ታውቃለች። አንድ ጊዜ በስልክ «ያቺ ሳምንት ግቢሽ ስንዴ ተበጥሮ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነትም ተበጥሮ ነበር። እኔ ስለ እሷ የማውቀው ሳቋን ብቻ ነው። ቤቴን በመስኮት የሚያይ ሰው ቢሆን መጋረጃ እጋርድ ነበር፤ በአቧራ በኩል ለምታይ ሴት ምን እንደሚጋረድ አላውቅም ነበር።

የሰኔውን ነገር አንተም ሳታስታውሰው አትቀርም። በቪዲዮ ደወልክ፤ አንተ መጀመሪያ ህንድ ከሄድክ ጀምሮ ከአገራቸው ከፎንቆ መጥተው ከእኔ ጋር የሚኖሩት እናትህም አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እሷ ከጎንህ ብቅ አለችና እየሳቀች፣ «ጵርስቅላ፣ የግቢሽ አየር ጉድ ነው። እንዲህ ሻጋታ የሞላው ስላይድ አይቼ አላውቅም። ለፕሮፌሰሩ፣ ለተማሪዎቹ፣ ለሁሉም አሳየሁት» አለች። አንተም አብረህ ሳቅህ። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ለእናንተ ያ ምስጋና ነበር፤ ሻጋታ ስትፈልጉ ሻጋታ አገኛችሁ። እዚህ ግን አንዲትን ባለትዳር በአማቷ ፊት «ቤትሽ ሻግቷል» ማለት ምን እንደሆነ እሷ ብትረሳው አንተ ልትረሳው አይገባም ነበር። ፊቴ ጋለ። «እሺ» ብቻ አልኳት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እናትህ «ቆንጆ ልጅ ናት» አሉና ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ያቺ ቃል ክረምቱን ሙሉ አቃጠለችኝ። እናትህ እሷን ቢመርጡ አልፈርድባቸውም እያልኩ ሰነበትኩ። የተማረች ናት፤ ልጃቸው ማታ ምን እንደበላ የምታውቀው እሷ ናት፤ በቤቷ ሻጋታ መኖሩን ደግሞ ማንም በማይክሮስኮፕ አላየላትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትህ ጓሮውን ጠዋትም ማታም መጥረግ ያዙ። ገለባውን ከምሰሶው አርቀው ወደ አጥሩ ጥግ አስወሰዱት። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ነቀፌታ ነበር የቆጠርኩት፤ አንቺ ያልጠረግሽውን እኔ ልጥረገው ያሉኝ መሰለኝ።

እንግዲህ ያን እሑድ «ስላይዶቹ ባዶ ናቸው» ስትለኝ መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ማን ይመስልሃል? እሷ ናት። ስላይዶቹን የምትረከበው እሷ፣ ሳጥኑን የምትከፍተው እሷ፣ ባዶ ናቸው ያለችህም እሷ። አንተ ጥር ላይ ወደ ቤትህ እንዳትመጣ የሞሉትን ደብቃብሃለች ብዬ አመንኩ። ሳምንቱን ሙሉ አሰላሰልኩት። ክፍል ውስጥ ስለ ዘይቤ እያስተማርኩ ልቤ ኬረላ ነበር፤ ተማሪዎቼ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሁለት ጊዜ እስኪደግሙልኝ አልሰማቸውም። ማስረጃ ይዤ ላሳፍራት ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት እንዳለኝ፣ ስላይዱንም የምቀይረው ከዚያ ስመለስ እንደሆነ ታውቃለህ። በዚያ ቅዳሜ ግን ክፍሌን ለባልደረባዬ ለጴጥሮስ ትቼ በጊዜ ወጣሁ። ሐሳቤ ስላይዱ ገና ምሰሶው ላይ ሳለ በስልኬ ከቅርብ ፎቶ ማንሳት ነበር። ሳምንት ሙሉ ተሰቅሎ የከረመ ስላይድ በዓይን ሲታይ እንኳ ይደፈርሳል። ፎቶውን አስቀምጬ እሷ «ባዶ ነው» ስትል በፊትህ ላወጣው ነበር።

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ፤ በእንሰቱ መካከል አልፌ ወደ ምሰሶው ስዞር እናትህ በርጩማ ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ምሰሶውን ይዘዋል፤ በሌላው በነጠላቸው ጫፍ ስላይዱን እየወለወሉ ነው። የቫዝሊኑ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ከእግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

አልደነገጡም። «አጸዳለሁ» አሉኝ በሀዲይኛ። «እስከ ዛሬ ማን የሚያጸዳው መስሎሽ ነው?»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ? ያቺ ልጅ የሳቀችብሽ ቀን አልነበርሽም? ምራቴ ሻጋታ ናት ብላ ለፈረንጅ፣ ለህንድ ስታሳይ ቁጭ ብዬ ልይ? ቤታችን እንግዳ ቢመጣ ጠርገን አይደለም የምንቀበለው? እሷ የምትገባው በዚህ ብርጭቆ በኩል ነው። ስለዚህ ብርጭቆውን ጠረግሁት።»

ከበርጩማው አውርጄ አስቀመጥኳቸው። አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ምንም የተሸሸገ ነገር ያወጡ አይመስላቸውም፤ የሠሩትን ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚያወሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ስላይዱን ወልውለው አዲስ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡታል። አንተ እኔን ስታስተምር በር ላይ ቆመው አይተው ነው የቀሰሙት። የቆጮው ጉድጓድ ሲከፈት ደግሞ ምሰሶውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነው በገመድ ያስሩታል፤ ሽታውም እንዳይደርስበት ብለው። እኔ ከክፍል ስመለስ ንጹሑን አውርጄ፣ አሽጌ፣ በኩራት እልክልሃለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ትቃጠያለሽ። እኔ ደግሞ ሥራ እሠራለሁ» አሉ።

አላስቻለኝም። ክረምቱን ሙሉ የበላኝን ነገር አወጣሁት። «እኔ እኮ እሷን የወደዷት መስሎኝ ነበር። ቆንጆ ልጅ ናት አላሉም?»

«ቆንጆ ናት» አሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «ታዲያ ለዚህ አይደል የፈራሁት?»

ነህምያ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ስስቅ እሳቸውም ሳቁ። አራት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሴቶች በአንዲት ሴት ስንቀና አንዳችን የሌላችንን አላወቅንም። እኔ ለራሴ ነበር የቀናሁት፤ እሳቸው ግን ለእኔ ነበር የቀኑት። ለእኔ ብሎ የቀና ሰው ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ግን ሳቄ ተቆረጠ፤ ያደረጉት ነገር ምን እንዳስከተለ መናገር ነበረብኝ። «ልጅዎ ጥር ላይ አይመጣም» አልኳቸው። «ስላይዱ ባዶ ስለሆነ ሌላ ክረምት እስኪሰበሰብ እዚያው ይቆያል።»

«አቧራ ጠፋ ተብሎ?»

«አቧራውን ነው የሚፈልገው። ሻጋታውን ነው የሚፈልገው። እህል ሲበጠርና የሻገተ ገለባ ሲገላበጥ ምን እንደሚነሣ፣ የሰው ደረት ውስጥ ምን እንደሚገባ ለማወቅ ነው። የአባቱን ሳል ነው የሚያጠናው።»

አባትህ ፎንቆ በአውድማው ላይ ስንዴ ሲያበጥሩ ኖረው ትንፋሽ አጥሯቸው እንደሞቱ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ ደረታቸውን ደግፈው የያዙት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ስላይዱን አዩት፤ ገለባውንም አዩት።

«ይኼ እንጨት ስለ እሱ ሳል ነው?» አሉ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

መልሱን አንተ ደውለህ ንገራቸው። እኔን ቫዝሊን ስታስተምረኝ እሳቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ለፕሮፌሰሩ የነገርከውን፣ ለእሷ የነገርከውን፣ ባሏን በዚያ ሳል ለቀበረች ሴት አልነገርካትም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ እኔ በራሴ ቅናት ተይዤ ነበር። አንተ ግን በምን ተይዘህ ነበር?

እናትህ ተነሡ። የእንሰት ቅጠሉንና ገመዱን ከምሰሶው ሥር አንሥተው ከአጥሩ ውጭ ጣሉት። ከዚያ መንሹን ይዘው ወደ ጥግ የተወሰደውን ገለባ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ጀመሩ። ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ። ከሥር ያለው ገለባ በክረምቱ ዝናብ ሻግቶ ጠቁሯል፤ ሲያነሡት እንደ ጭስ ቦለለ። ያስላቸው ነበር። ወደ ቤት ገብቼ ነጠላ አምጥቼ አፋቸውንና አፍንጫቸውን አሰርኩላቸው፤ የራሴንም አሰርኩ። «ለእሱም እንዲህ ማሰር ነበረብኝ» አሉኝ። ሁለታችንም እስክንጨርስ ሠራን።

ስለዚህ ፕሮፌሰሩ የጠየቀህን ክረምት እኔና እናትህ እንሰጥሃለን። በመጪው ሰኔ ሲጀምር ማንም ምሰሶውን አይነካውም፤ የቆጮው ጉድጓድ ሲከፈት ይከፈታል፤ የበሰበሰው ይገላበጣል፤ ነፋሱ ያመጣውን ያምጣ። ይህን ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ሌላ ዓመት ሰጥቼ የማኖርህ ከማን አጠገብ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ባለ ሁለት ማያ ማይክሮስኮፕ በሐሳቤ ሳላየው የማድርበት ቀን የለም። ግን የአባትህን ሳል ሳታጠና ጥር ላይ ብትመጣልኝ፣ በየመከሩ እህል ሲበጠር እያየህ ዝም ማለት አትችልም፤ እኔም ያንተን ፊት እያየሁ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። ከሆሳዕና የሄደ ስላይድ ሲሆን መጀመሪያ አንተ ብቻህን እየው። ሲበቃህ ጥራት። እኔን «በቅናትሽ» ስላልከኝ ይቅርታ ጠይቀኝ አልልህም፤ ቀንቼ ነበርና እውነትህን ነው። «ዓመቴን በላሽው» ስላልከኝ ግን አንተ ትጠይቀኛለህ፤ የምትጠይቀኝም በስልክ ሳይሆን እንዲህ በጽሑፍ ነው። እናትህን ደግሞ እንዳትቆጣቸው። ድምፅህን ከፍ ብታደርግባቸው ምሰሶውን ነቅዬ ማገዶ እንደማደርገው እወቅ።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ስላይዶች አሉ። በቀይ ክር ያሰርኩት ትናንት ከምሰሶው ያወረድኩት ነው። ገለባውን ከመለስን ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልነካውም፤ እናትህ እንኳ በሩቁ ነው የሚያልፉት። በዓይን ሲታይ ጥቁር ነው። እሱን ለማርያማዊት ስጣት። ስሟን ጻፍኩት፤ አየህ፣ እጄ አልተቆረጠም። ያ የጵርስቅላ ቤት ሻጋታ ነው በላት፤ እንደ ልቧ ትቁጠረው፤ ለፈለገችውም ታሳየው። በሐሳቤ ሌባ አድርጌአት እንደነበር ግን አትንገራት።

በነጭ ክር ያሰርኩትን ለማንም አታሳይ። እሱ ከምሰሶው አይደለም። በአልጋችን ባንተ ወገን ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ታስታውሳታለህ፤ መነጽርህን ታስቀምጥባት ነበር። አምና ጥር ላይ ከሄድክ ወዲህ አልጠረግኋትም። እናትህም መኝታ ቤታችን አይገቡም። ትናንት ማታ ስላይዱን ቫዝሊን ቀብቼ፣ ገልብጬ፣ አንዴ ጫን አደረግሁባት። ብቻህን ሆነህ ቁጠረው።

የምትጠብቅህ፣
ጵርስቅላ